የቁርጥማት መድኃኒትና ዕዳው

ምናልባት እርስዎም ለመስቀል ወደ እምድብር ሲሄዱ፥ እንሰት ሲፍቁ ለኖሩት ለእናትዎ እጆች የቁርጥማት ኪኒን ይዘው ይሄዱ ይሆናል። ኪኒኑ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው እንደ ሆነ ታሪኩን ማወቅ ይገባዎታል፤ ታሪኩም የመስቀል ሰሞን ታሪክ ነው።

በአሜሪካ አገር፥ በሮቸስተር ከተማ፥ በማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ፊሊፕ ሄንች በ1921 ዓ.ም. አንድ ነገር አስተዋሉ። አንጓን የሚያሳብጠው ቁርጥማት የያዘው ሰው የወፍ በሽታ ሲጨመርበት ሥቃዩ ይቀልለት ነበር፤ ሴቶችም በእርግዝናቸው ጊዜ እንዲሁ ይሻላቸው ነበር። እንግዲያስ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ አለ ብለው ወደ 20 ዓመት ያህል ፈለጉት። ጓደኛቸው ኤድዋርድ ኬንዳል ከኵላሊት በላይ ከሚገኙት ዕጢዎች ለይተው ያወቁት ኮርቲዞን መስከረም 11 ቀን 1941 ዓ.ም. በጭንቅ ትንቀሳቀስ ለነበረች የ29 ዓመት ሴት በመርፌ ተሰጣት። ከሳምንት በኋላ፥ በእኛ አገር የደመራው አመድ ገና ሳይቀዘቅዝ፥ ያች ሴት በእግርዋ ገበያ ወጣች።

በ1943 ዓ.ም. ሁለቱ ሊቃውንት ከስዊሱ ታዴዎስ ራይኽሽታይን ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ዕዳው ግን ከዚያ አስቀድሞ መታየት ጀምሮ ነበር። ብዙ የወሰዱት ሕሙማን ፊታቸው እንደ ሙሉ ጨረቃ ተነፋ፤ የአንዳንዶቹም አእምሮ ታወከ፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቁርጥማቱ ተመለሰ። ሄንች ራሳቸው ይህ ፈውስ አይደለም ብለው ያስጠነቅቁ ነበር።

ፕሬድኒሶሎን የዚሁ የኮርቲዞን ቤተ ሰብ ነው። ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፤ የስኳር በሽታ ያመጣል፤ ተደብቆ የኖረውን የሳንባ ነቀርሳ ይቀሰቅሳል። ፊት ሲሞላ ግን ጎረቤት «ተመቻቸው፥ ወፈሩ» ይላል፤ ልጅም ይህን ሰምቶ ደስ ብሎት ሌላ ኪኒን ይልካል!

ዛሬ ሐኪሞች ፕሬድኒሶሎንን በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ መስጠትን ይመርጣሉ፤ ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። እርሱም ጉበትን ስለሚጎዳ የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ የሚወሰደውም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለ ሆነ፥ በስሕተት በየቀኑ ቢዋጥ ሊገድል ይችላል።

ፕሬድኒሶሎንን ለወራት የዋጠ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት። ኪኒኑ በውጭ ሲገባ የሰውነት ዕጢዎች ሥራቸውን ትተው ያንቀላፋሉ። የላኩት ኪኒን ሌላ መንገደኛ ሳይገኝ በድንገት ቢያልቅ፥ ዕጢዎቹ ቶሎ አይነቁም፤ እናትዎ ኀይል ያጣሉ፥ ያስመልሳቸዋል፥ የደም ግፊታቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ፥ ሊሞቱም ይችላሉ። ስለዚህ ኪኒኑን ያቁሙ ብለው በደብዳቤ አይዘዙ፤ ሐኪም በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ያስተዋቸዋል።