ስናሩ ያበቀለው ጥቁር ፍሬ

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው ዐይኑን ከላይ አያነሣም። ገደሉ አለ፤ ከዓለቱ የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ አስፈጸማት የሚለው ትውፊት አለ፤ ከዚያም በላይ ከ4200 ሜትር የሚያልፈው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። ይህን ሁሉ እያየ የእግሩን ሥር የረሳ መንገደኛ አይፈረድበትም። የዛሬው ወሬያችን ግን ከእግር ሥር ነው፤ በደጋው ላይ እዚህም እዚያም ስለተዘረጋው የገብስ ማሳ፣ በገብሱም መካከል አንገቱን አስግጎ ስለሚወዛወዘው ስናር።

ስናርን ገበሬው ሆን ብሎ አይዘራውም፤ ግን አያጣውም። ከአጃ ወገን ነው፤ ሳይንሱም በአገራችን ስም «አቬና አቢሲኒካ» ብሎ መዝግቦታል። የዱር አጃ ፍሬው ሲደርስ ረግፎ መሬት ይገባል። ስናር ግን ብዙውን ፍሬ በራሱ ላይ ይዞ ማጭድ ይጠብቃል። ስለዚህ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ከገብሱ ጋር ይወቃል፣ ጎተራም አብሮ ይገባል፤ ዘር ሲወጣ ደግሞ አብሮ ተመልሶ ማሳ ይወርዳል። በ1919 ዓ.ም. አገራችንን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ አጃ በሌላ ሰብል ውስጥ አረም ሆኖ ሲኖር ቆይቶ ኋላ ራሱን ችሎ እህል የሆነ ነው ይል ነበር። የእኛው ስናር ገና መንገድ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ አረም እንዳይባል ይበላል፣ እህል እንዳይባል የሚዘራው የለም።

ገበሬው ስናሩን ነቅሎ የማይጨርሰው ሰንፎ አይደለም። ዓመቱ ሲከፋና ገብሱ ሲያሳፍር ስናሩ ይቆማል። ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራም ይሆናል፣ ጠላም ይጠመቅበታል። የደጋ ሰው ዋሱ ነው።

ዋሱ የከዳበትን ዓመት ላውጋችሁ። ወሎ ከ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሃብ በቅጡ ሳታገግም የአየሩ ጠባይ ለሁለት ዓመት ተበላሸ። ገብሱ ሳሳ፤ ስናሩ በላዩ ሠለጠነበት። በ1970 ዓ.ም.፣ የላሊበላ አገር ላስታ ያኔ ከአውራጃዎቹ አንዱ በነበረበት በወሎ ክፍለ ሀገር፣ የሰውን እግር እያደረቀ የሚጥል በሽታ ተነሣ። ሲጀምር ጉንዳን ከቆዳ ሥር የሚርመሰመስ ይመስላል። ቀጥሎ ማቃጠል ይመጣል፤ ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና ተቅማጥም አለበት። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ በጣት የሚዳሰሰው የደም ትርታ ይጠፋል። በመጨረሻ ጣቱ፣ ሲብስም እግሩ በሙሉ፣ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይደርቃል። ቁስሉ ደም የለውም፤ የደረቀው አካል ከደኅናው ተለይቶ ይወድቃል።

በሽታው በሁለት ጽሑፎች ለዓለም ተነገረ፤ ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አንዱ ኪንግ የተባሉ ባለሙያ በእንግሊዙ የሕክምና መጽሔት በላንሴት ላይ ያሳተሙት አጭር ዘገባ ሲሆን፣ ሌላው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ የሦስት ኢትዮጵያውያን ጥናት ነው። አንዱ 93 ሕሙማን ተመዘገቡ፣ ከዚህ ሌላ 47 ሰዎችም በዚሁ ሰበብ ሳይሞቱ አልቀረም ይላል። ሌላው 140 ሰው ተያዘ፣ ከመቶው 34ቱ ሞቱ ይላል። አንባቢ ደምሮ ቢያካፍል ሁለቱ ዘገባዎች እርስ በርስ እንደሚመሰካከሩ ያያል። ከተያዙት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 34 ዓመት ነበር። ከሕሙማኑም አንድ አምስተኛ የሚያህሉት እግራቸውን ወይም እጃቸውን አጥተዋል። እነዚህ ሊያርሱና ሊያጭዱ፣ ውኃ ሊቀዱና ከብት ሊጠብቁ የሚገባቸው እጆችና እግሮች ነበሩ።

እህሉ ሲመረመር ጥፋተኛው ተገኘ። በስናሩ ዛላ ላይ፣ ፍሬ መሆን በሚገባው ቦታ፣ ጥቁር ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጠንካራ ነገር ተቀምጧል። ኤርጎት ይሉታል። ዘር አይደለም፤ ፈንገስ ነው። ሰብሉ ሲያብብ የፈንገሱ ብናኝ አበባው ውስጥ ይገባና የፍሬውን ቦታ ይወርሳል። መጀመሪያ ማር የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ ያን የሚልሱ ነፍሳት ከአበባ ወደ አበባ ያዛምቱታል። ኋላ ይደርቅና ያ ጥቁር ፍሬ ይሆናል፤ መሬት ወድቆ ከርሞም በሚቀጥለው ወቅት እንደገና ይነሣል። ብርድና እርጥበት ይስማማዋል፤ ደጋ ቤቱ ነው።

በወሎው እህል ውስጥ የተገኘው ኤርጎት 0.75 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በኩንታል ብናስበው ግን 750 ግራም ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣው ገደብ 15 እጥፍ። ሰው ያን እህል አንድ ቀን ቀምሶ አልተወውም፤ ወራት ቀለበው። መርዙ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ደም የራቀው አካል ደግሞ ከጫፉ ይጀምርና ይሞታል። ምጣድ ላይ መጋገሩ መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

አውሮፓውያን ይህን በሽታ በደንብ ያውቁታል፤ ብዙ ከፍለውበታል። እ.ኤ.አ. በ944 በደቡብ ፈረንሳይ ብቻ 40 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ ሲሉ የዘመኑ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ሰበቡን ስላላወቁት የቅዱስ እንጦንስ እሳት አሉት። እኛም ጥር 22 የምናስባቸው የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ ናቸው። በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በስማቸው የተቋቋመው የመነኮሳት ማኅበር እግራቸው የጠቆረ ሕሙማንን እየተቀበለ ያስታምም ነበር፤ ከተበከለው ዳቦ ርቀው በሰነበቱበት ስፍራ የተሻላቸውም ነበሩ። ሰበቡ በዚያ አገር ድሀ የሚበላው ራይ የሚሉት እህል ላይ የሚያድረው ጥቁር ፍሬ መሆኑ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1676 ነው። ፈንገሱ ከመወለድ እስከ መበተን የሚያልፍበትን መንገድ ፈረንሳዊው ቱላን አብራርቶ ሲጽፍ 1853 ደርሶ ነበር። ከ944 እስከዚያ ስንት ትውልድ እንዳለፈ ይቁጠሩት።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በወሎው እህል ውስጥ ከተገኙት ንጥረ ነገሮች አንዱ ኤርጎሜትሪን ነው። ይህን ስም አዋላጅ ነርሶች ያውቁታል፤ እናት ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ሲላት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ከኤርጎት ተነጥሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በመርፌ ተለክቶ ሲሰጥ እናትን ያተርፋል፤ ሳይለካ በእንጀራ ሲገባ የልጇን እግር ይቆርጣል።

አሁን ወደሚያስቸግረው ጥያቄ እንምጣ፤ ጥቁሩ ፍሬ በዐይን የሚታይ ሆኖ ሳለ ሰው ለምን በላው? አላዋቂነት ነው የሚለው መልስ ለከተማ ሰው ይቀለዋል፤ እኔ አልቀበለውም። የደጋ እናት በሰፌድ ላይ ጠጠርን ከምስር፣ እንክርዳድን ከስንዴ ትለያለች። ለቀማ ግን ጥጋብን ይጠይቃል። ጎተራው ጎድሎ፣ የቀረውም እህል እኩሌታው ስናር ሆኖ፣ ጥቁሩን አውጥተሽ ጣይ ቢሏት ከልጆቿ አፍ ቀንሺ ማለት ነው። ሌላም አለ። ጓያ እግር እንደሚያሽመደምድ ሁሉም ያውቃል፤ በየድርቁ ስለሚመለስ ወሬው አይጠፋም። ኤርጎት ግን በሰው ዕድሜ አንዴ ቢመጣ ነው። አያት ያላየችውን ለልጅ ልጇ ልታስጠነቅቅ አትችልም።

ለዚህም ይመስላል በሽታው በአርሲ ደጋ በ1993 ዓ.ም. ሲነሣ እንደ አዲስ እንግዳ የሆነው። ያኔም ምክንያቱ የተበከለ ገብስ ነበር፤ 18 ሰዎች ታመሙ፣ ሦስቱ ሞቱ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 30 ነበር፤ ከወሎዎቹ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ ይሏል። እህሉን በኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት የመረመሩት ቀልቤሳ ኡርጋና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመውታል። በአገር ውስጥ ቤተ ሙከራ መሠራቱ ያኮራል።

ከዚያ ወዲህ የተመራማሪዎቻችን ዐይን ወደ ሌላ የፈንገስ መርዝ፣ ወደ አፍላቶክሲን ዞሯል። ይህኛው ቆላና ሙቀት ይወድዳል፤ ከለውዝ፣ ከበቆሎ፣ ከበርበሬ ጋር ይነሣል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ተመርምረው ከአውሮፓ ልክ ያልበለጡት 9 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ጥናቱ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ሲሰማ ከተማው ወተት እስከ መሸሽ ደርሶ ነበር። ዋናው ተጠርጣሪ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነው። አፍላቶክሲን ያለ መሣሪያ አይታይም፤ ጉበትንም ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ኤርጎት ከዚህ አንጻር ጨዋ ጠላት ነው ልበል? ቢያንስ ራሱን ያሳያል።

ስለዚህ ገብስ የምታበጥሩ ሁሉ፣ በተለይ ዝናብና ብርድ በበዛበት ዓመት፣ ከገብሱ መካከል ጥቁር፣ ቀንድ የመሰለ ፍሬ ካያችሁ አትፍጩት። ለዶሮም ለከብትም አትስጡት፤ እነርሱንም ይገድላል። እህሉን ወፍራም የጨው ውኃ ውስጥ ብትነክሩት ጥቁሩ ይንሳፈፋል፤ እሱን ገፍፋችሁ የቀረውን በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት። የስናሩ መብዛት ራሱ ምልክት ነውና ለግብርና ባለሙያው ንገሩ።

በ1970 ዓ.ም. አምስት ዓመት የነበረው ሕፃን ዛሬ ከ50 ተሻግሯል። ያን ዓመት ያየ፣ ወንድም ወይም ጎረቤት እግሩ ሲደርቅ የተመለከተ የወሎ ሰው ካለ፣ ያየውን ለልጆቹ ያጫውት፤ ለዝግጅት ክፍላችንም ይጻፍልን።