በወረርሽኝ ጊዜ የጤና ባለሙያዎች ለምን ቀድመው ይያዛሉ?

በየአጥቢያችን ነርስ፣ አዋላጅ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሌለበት ጉባኤ ማግኘት ያስቸግራል። ወረርሽኝ ተነሥቶ ሌሎቻችን «ከቤት አትውጡ» ስንባል እነዚህ ወገኖች ወደ ሥራቸው ይወጣሉ። እኛም እንጸልይላቸዋለን፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በምን ምክንያት እንደሚያዙ ካላወቅን በምን እንደምንረዳቸውም አናውቅም። በዚህ ጽሑፍ በምዕራብ አፍሪካ የደረሰውን የኢቦላ ወረርሽኝ እንደ ዋና ማሳያ ወስደን ነገሩን እንመለከታለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. በምዕራብ አፍሪካ ምን ሆነ?

በሽታው በጊኒ ገጠር በ2013 መጨረሻ ላይ ጀመረ። ኢቦላ መሆኑ የታወቀው ግን በማርች 2014 ነው። ስሙ ሳይታወቅ በቆየባቸው ወራት ከመንደር ወደ መንደር ተዛምቶ ነበር፤ ከዚያም ወደ ላይቤሪያና ወደ ሴራሊዮን ገባ። ወረርሽኙ እስኪያበቃ ድረስ በሦስቱ አገሮች ከ28,600 በላይ ሰዎች ተይዘው ከ11,300 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ዘገባ መሠረት እስከ ማርች 2015 መጨረሻ ድረስ መያዛቸው የተረጋገጠ ወይም ሳይያዙ አልቀሩም የተባሉ የጤና ሠራተኞች 815 ነበሩ። መጨረሻቸው ከታወቀው መካከል ሁለት ሦስተኛው ያህል ሞተዋል። አንድ የጤና ሠራተኛ በኢቦላ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አዋቂ ሰው ከ21 እስከ 32 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከተያዙት ውስጥ ከግማሽ በላይ ነርሶችና ረዳት ነርሶች ናቸው። የጽዳት ሠራተኞችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎችም በቁጥሩ ውስጥ ይገኛሉ። እንግዲህ «የጤና ባለሙያ» ስንል ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሐኪም ብቻ ማሰብ የለብንም።

2. አደጋው ከየት ይመጣል?

ሀ) በሽታው ሳይታወቅ ይገባል። ኢቦላ ሲጀምር ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም ነው፤ ከወባና ከታይፎይድ አይለይም። በሽተኛው በተራ ክፍል ይተኛል፤ ነርሷም እንደ ወትሮዋ መርፌ ትወጋዋለች፣ ደሙን ታያለች፣ ትውከቱን ትጠርጋለች። በሽታው በታወቀ ጊዜ እርሷ ቀድማ ተጋልጣለች። በላይቤሪያ በሴፕቴምበር 2014 መያዛቸው የታወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ዶ/ር ሪክ ሳክራ በኢቦላ ክፍል ውስጥ አልነበሩም፤ በማዋለጃ ክፍል እናቶችን ያዋልዱ ነበር። ስለዚህ በሆስፒታል ከሁሉ ይልቅ አደገኛው ክፍል ሁልጊዜ «አደገኛ» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል አይደለም።

ለ) ውኃና ጓንት የለም። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2015 ባወጡት ዘገባ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው 54 አገሮች ከጤና ተቋማት 38 በመቶ የሚሆኑት የውኃ ምንጭ አልነበራቸውም። ውኃ በሌለበት እጅ መታጠብን ማስተማር ምን ይጠቅማል? ጓንት ሲያልቅ ደግሞ ባለሙያው በባዶ እጁ ከመሥራትና በሽተኛውን ከመተው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ሐ) ልብሱን ማውለቅ ከመልበስ ይልቅ አደገኛ ነው። ሙሉ የመከላከያ ልብስ በሙቀት ውስጥ ብዙ ሰዓት አያሠራም፤ ላቡ ይወርዳል፣ መነጽሩ ይሸፈናል። ደክሞት የሚወጣው ሰው በበሽተኛው ፈሳሽ የተበከለውን ልብስ በቅደም ተከተል፣ ሌላ ሰው እያየው፣ በየደረጃው እጁን በበረኪና ውኃ እየታጠበ ማውለቅ አለበት። ፊቱን አንድ ጊዜ ቢነካ በቂ ነው።

መ) ሰው ያንሳል። ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት ላይቤሪያ ከአራት ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ የነበሯት ሐኪሞች 50 ገደማ ብቻ ነበሩ። አንዱ ሲታመም የእርሱ ሥራ በሌላው ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ይሳሳታል።

ሠ) ሥራው በሆስፒታሉ በር አያበቃም። ጎረቤት ሲታመም ወደ ማን ይሄዳል? ነርስ ወደሆነችው እህት ቤት ነው። እርሷም «አይሆንም» ማለት ይከብዳታል። በቤት ውስጥ ግን ጓንትም፣ ጋዋንም፣ የሚቆጣጠራትም ሰው የለም።

3. የኤልዋ ሆስፒታል

በሞንሮቪያ የሚገኘው ኤልዋ ሆስፒታል በ1960ዎቹ በኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮን የተመሠረተ ነው። ይህ ሚስዮን ከቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጋር ባለው ግንኙነት በእኛም ዘንድ የታወቀ ነው። ኢቦላ ሲመጣ የሆስፒታሉ ጸሎት ቤት ወደ ማግለያ ክፍል ተለወጠ። በጁላይ 2014 ዶ/ር ኬንት ብራንትሊና ወ/ሮ ናንሲ ራይትቦል ተያዙ። ወ/ሮ ናንሲ ሐኪም አልነበሩም፤ ወደ ክፍሉ የሚገቡትንና የሚወጡትን ባለሙያዎች በመድኃኒት በመርጨትና በመርዳት ያገለግሉ ነበር። ሁለቱም ወደ አትላንታ ተወስደው ዳኑ።

ነገር ግን የአገሩ ተወላጆች እንደዚህ ያለ አውሮፕላን አልነበራቸውም። በዚያው ወር መጨረሻ የሴራሊዮኑ ታዋቂ የቫይረስ በሽታዎች ሐኪም ዶ/ር ሼክ ኡመር ካን በአገራቸው አረፉ። የኤልዋው ላይቤሪያዊ ሐኪም ዶ/ር ጄሪ ብራውን ግን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሥራውን ቀጠሉ፤ የብዙዎችንም ሕይወት አተረፉ። በዲሴምበር 2014 ደግሞ ከ180 በላይ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ለእርዳታ ወደ ምዕራብ አፍሪካ መሄዳቸውን ልናስታውስ ይገባል።

4. አንድ ባለሙያ ሲሞት ስንት ሰው ይሞታል?

የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት እስከዚያው ዓመት ሜይ ወር ድረስ ላይቤሪያ ከሐኪሞቿ፣ ከነርሶቿና ከአዋላጆቿ 8 በመቶ፣ ሴራሊዮን ደግሞ 7 በመቶ የሚሆኑትን በኢቦላ አጥተዋል። በዚህም ምክንያት በሦስቱ አገሮች በእርግዝናና በወሊድ የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በዓመት 4,000 ገደማ ሊጨምር እንደሚችል ገምተዋል። ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ በባለሙያው ሞት ምክንያት ሌሎች ይሞታሉ ማለት ነው።

ነገሩ በኢቦላ ብቻ አልቀረም። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ከጃንዋሪ 2020 እስከ ሜይ 2021 በኮቪድ-19 የሞቱት የጤና ሠራተኞች ከ80,000 እስከ 180,000 ሊደርሱ ይችላሉ። በአገራችንም በኖቬምበር 2025 በጂንካ የማርበርግ በሽታ መግባቱ ሲረጋገጥ ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ።

5. ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

• በሽተኛ ስትጠይቁ ሕጉን አክብሩ። በአገራችን አስታማሚና ጠያቂ ብዙ ነው፤ ፍቅራችንን የምንገልጠው በዚህ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ግን አንድ አስታማሚ ይበቃል። እጅ መጫን ከተከለከለ ከበር ውጭ ሆናችሁ ጸልዩ፤ ጌታ የመቶ አለቃውን ብላቴና ሳይነካው እንደፈወሰው አስቡ (ማቴ. 8፥5-13)።

• እውነቱን ንገሯቸው። ከየት እንደመጣችሁ፣ ማንን እንዳስታመማችሁ፣ የማን አስከሬን ሲታጠብ እንደነበራችሁ አትደብቁ። የተደበቀ ነገር ነርሷን ይገድላል።

• ለቀብር ሥርዓት ታዘዙ። በሴራሊዮንና በላይቤሪያ ፓስተሮችና ኢማሞች አስከሬን ሳይነካ በክብር እንዲቀበር ሕዝቡን ማስተማራቸው ወረርሽኙን ለመግታት ብዙ ረድቷል።

• አታግልሏቸው። ባለሙያዋን ከቤት የሚያስወጣ አከራይ፣ ልጆቿን የሚሸሽ ጎረቤት አለ። ቤተ ክርስቲያን ከእነዚህ ጋር እንዳትቆጠር ተጠንቀቁ። ራሷን ለይታ በምትቀመጥበት ጊዜ ምግብ በደጇ አኑሩላት፤ በስልክ አጽናኗት።

• መስጠት ከቻላችሁ የሚያስፈልገውን ጠይቃችሁ ስጡ። የአንድ ጤና ጣቢያ የውኃ ታንከር፣ ሳሙና፣ በረኪናና ጓንት ከትልቅ ስብሰባ ወጪ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዶች «እምነት ካለን ለምን እንጠነቀቃለን?» ይላሉ። በዘሌዋውያን 13 ግን በሽታው የተጠረጠረበት ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ እንዲቀመጥና እንደገና እንዲታይ ያዘዘው እግዚአብሔር ራሱ ነው። መጠንቀቅ እምነት ማጣት ሳይሆን ወንድምን መውደድ ነው። ጳውሎስም ስለ አገልግሎት እስከ ሞት የቀረበውን አፍሮዲጡን እንዲያከብሩት የፊልጵስዩስን ሰዎች አዘዘ (ፊልጵ. 2፥25-30)። እኛም በመካከላችን ያሉትን አፍሮዲጡኖች በቃል ብቻ ሳይሆን በውኃ፣ በሳሙናና በእውነተኛ ቃል እናክብራቸው።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።