ዝርግፍ፦ የ«ብሬን ዳምፕ» አማርኛ

ከአስኮ አልፎ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ፣ ሳንሱሲ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ የቆመ ወጣት ፍላሹን አቀብሎ «እህቴ፣ ፊትና ጀርባ አድርጊልኝ» አላት። ከማተሚያው የሚወጣው ወረቀት ሁሉ ጥያቄ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ከግርጌው ደግሞ መልሱ ደመቅ ብሎ ተጽፏል። «ወርክሺት ነው?» አልኩት። «አይ ጋሼ፣ የኤ-ፕላስ ዳምፕ ነው» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ የሚደበቅ ነገር ያለበትም አልመሰለውም።

ቃሉ በሙሉ ስሙ «ብሬን ዳምፕ» ነው። ኤ-ፕላስ፣ ኮምፕቲያ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለኮምፒዩተር ጥገናና ድጋፍ ጀማሪዎች ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ነው። ሁለት ፈተና አለው፤ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ፣ ቢበዛ 90 ጥያቄ። ማለፊያው ከ900 ለመጀመሪያው 675፣ ለሁለተኛው 700 ነው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ አንዴ ወድቆ እንደገና መቀመጥ ለሳንሱሲ ልጅ ቀላል አይደለም። ተፈታኙ ከመጀመሩ በፊት ጥያቄዎቹን ለማንም ላለማውጣት ይስማማል። ከዚያ አንዱ ፈተናውን ጨርሶ ይወጣና በጭንቅላቱ የያዘውን ሁሉ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ሌላው ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው ፒዲኤፍ አድርጎ ይሸጠዋል። ዳምፕ ይኸው ነው።

አማርኛውን ስፈልግ መጀመሪያ የመጣልኝ «ግልባጭ» ነበር። ገልባጭ መኪና አለን፤ «ገለበጠ» ማፍሰስም መቅዳትም ነው፤ ሁለቱም ትርጉም እዚህ ይሠራል። ነገር ግን «ግልባጭ»ን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወስዶታል፤ ቃሉን የሰማ ሁሉ የሚያስበው ከማኅተሙ በታች የተዘረዘሩትን ክፍሎች ነው። ስለዚህ «ዝርግፍ» ብዬዋለሁ። ኬሻ ሲገለበጥ እህሉ ይዘረገፋል፤ ሰው ሲከፋው የሆዱን ይዘረግፋል። ኮምፒዩተር ጠጋኞችም «ሜሞሪ ዳምፕ» የሚሉት አላቸው፤ ዊንዶውስ የብልሽት ገጹን አሳይቶ ሲወድቅ በማስታወሻው የነበረውን ወደ ዲስክ ይዘረግፋል። ብሬን ዳምፕም ያው ነው፣ የሚዘረገፈው ግን የሰው ጭንቅላት ነው። (ዝርግፍ ጌጥ የሚባል የአንገት ጌጥ መኖሩን አልዘነጋሁም፤ ቅር የሚለው ካለ «የፈተና ዝርግፍ» ብሎ ይለይ።)

«ዳምፕ ብሎ መተው አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። ሳንሱሲም እኮ በፈረንሳይኛ «ሐሳብ የሌለበት» ማለት ነው፤ ሳይተረጎም ታክሲ ላይ ይጠራል፣ ማንም አልተቸገረም። ግን የሰፈር ስም ቦታውን ካመለከተ ይበቃዋል። «ዳምፕ» ሲባል የመጽሐፍ ስም ይመስላል፤ ማን ከየት እንዳወጣው አይናገርም። «ዝርግፍ» ሲባል የዘረገፈ ሰው እንዳለ ይታወቃል።

ልጁም ያላፈረው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ያደግነው የድሮ ማትሪክ እየሠራን ነው፤ የአምስት ዓመት ጥያቄ ሰብስቦ የሠራ ተማሪ ጎበዝ ይባላል እንጂ አይወቀስም። አጤሬራን እናውቃለን፣ ኩረጃን እናውቃለን፣ ስርቆትንም እናውቃለን፤ በግንቦት 2008 ዓ.ም. የመሰናዶ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ብሔራዊ ፈተናው ሲሰረዝ «ተሰረቀ» ነው ያልነው። ዝርግፍ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የሚወጣው ከፈተና በኋላ ነው፣ እንደ ድሮ ማትሪክ። ልዩነቱ ያለው ቋቱ ላይ ነው። ማትሪክ አንዴ ከተሰጠ ያ ወረቀት አልቋል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይዘጋጃል። የኤ-ፕላስ ጥያቄ ግን ከጥያቄ ቋት እየተመረጠ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ይሰጣል። ስለዚህ የትናንቱን መዘርገፍ የነገውን ማውጣት ነው። ኮምፕቲያ ዝርግፍ ሲጠቀም የደረሰበትን ሰው ውጤት ይሰርዛል፣ ደግሞ እንዳይፈተንም ያግዳል።

ወረቀቱን ከልጁ ተቀብዬ ከጥያቄዎቹ አንዱን ጠየቅሁት፦ የኮምፒዩተሩ አይፒ አድራሻ በ169.254 ቢጀምር ችግሩ ምንድን ነው?

«ሲ» አለኝ፣ ቶሎ።

«ሲ ምንድን ነው?»

ትንሽ ዝም አለና ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አየ።

169.254 ማለት ኮምፒዩተሩ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ ሰርቨር ፈልጎ አጥቶ ለራሱ የሰጠው አድራሻ ነው። ስዊቹን ከራውተሩ የሚያገናኘው ገመድ ወልቆ ይሆናል፣ ራውተሩ ጠፍቶ ይሆናል። ይህን አንዴ በእጁ ያየ ሰው ፊደሉ ቢቀያየርም አይሳሳትም። ደግሞም አንዳንዱ የኤ-ፕላስ ጥያቄ ፊደል የለውም፤ ስክሪኑ ላይ የተበላሸ ነገር አቅርቦ «አስተካክል» ይላል። እዚያ ላይ ሽምደዳ አይረዳም። የእኛው የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) የተግባር ክፍልም እንደዚሁ ነው፤ መዛኙ አጠገብህ ቆሞ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያልክ ገመዱን ስትደረድር ያይሃል።

ለዝግጅት የሚሆነውን ኮምፕቲያ ራሱ በነፃ ያወጣዋል፤ የፈተናው ይዘት ከነክብደቱ ተዘርዝሯል። ከመጀመሪያው ፈተና ከሩብ በላይ የሚሆነው ብልሽት ፍለጋ ነው። ለእሱ ደግሞ ከ300 ገጽ ወረቀት ይልቅ አልነሳ ያሉ ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ይሻላሉ ባይ ነኝ። መለማመጃ ጥያቄ መሥራትም ነውር የለበትም፤ መለማመጃ ማለት አዘጋጁ ራሱ ያወጣው ጥያቄ ነውና።

አገባቡ እንዲህ ነው፦ የሚያወጣው ዘርጋፊ፣ የወጣው ዝርግፍ፣ ሥራው መዘርገፍ። «ይሄ መለማመጃ ነው ወይስ ዝርግፍ?» ተብሎ ይጠየቃል። በዝርግፍ ብቻ ላለፈው አዲስ ቃል አላስፈለገኝም፤ «ጥራዝ ነጠቅ» ከዱሮም አለ።