የይድነቃቸው ተሰማ ዜና፤ ለመሐል ሜዳ ልጆች የተጻፈ

የሸዋ ነገሥታት ዘር ከመንዝ ተነሣ፤ ጸሐፊዎቻቸውም የዘመቱበትን፣ ግብር ያበሉበትንና ያረፉበትን ቀን መዝግበው አቆዩ። ኳስ ያጫወተ ሰው ግን ጸሐፌ ትእዛዝ የለውም። ስለዚህ ገና በደረሰ ጊዜ ባላገሩ ሩሯን በዱላ እያሳደደ በሚውልበት በዚህ በብርዳሙ የመንዝ ደጋ፣ በመሐል ሜዳ ሆነን፣ ሰውን በጨዋታ የሰበሰቡትን የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ዜና እንጽፋለን።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የምንጃር ሰው ነበሩ፤ ቅኔ አዋቂ፣ ድምፃዊ፣ ጨዋታቸው የማይጠገብ። ጀርመን አገር ተሻግረው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹም እርሳቸው ናቸው። ልጃቸው ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ መስከረም 1 ቀን በዕለተ እንቁጣጣሽ በጅማ ተወለዱ። የአባት ጨዋታ በአንደበት ነበር፤ ወደ ልጁ ሲወርድ በእግር ወረደ።

በ1928 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ ጣልያን ድንበር ጥሶ በገባበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በአዲስ አበባ አራዳ የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ፤ በአራዳው ደብር ስምም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። አገር ሲታመስ ኳስ ምን ይሠራል የሚል ቢኖር፣ ቡድኑ ከወራሪው መንግሥት ይልቅ ዕድሜ እንዳገኘ ይወቅ። ይድነቃቸውም ገና በልጅነታቸው ገቡበት። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠም ከለከለ፤ ክለቡንም ስሙን አስለወጠው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጠላትም ከወጣ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በከተማይቱ የክለቦች ውድድር ተጀመረ። ተጋጣሚዎቹም እነዚህ ናቸው፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን፣ አምስተኛው ደግሞ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ። ትናንት በጥይት ሲፈላለጉ የነበሩ በኳስ ተፈላለጉ። ዋንጫውን እንግሊዞች ወሰዱት፤ ግን ያ ሁሉ ወገን በአንድ ሜዳ መዋሉ ከዋንጫው ይበልጣል ባይ ነኝ። ይድነቃቸውም ለጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወቱ። በዚያ ዘመን ኳስ እንጀራ አልነበረምና፣ የሚጫወት ሁሉ ለፍቅሩ ነበር የሚጫወተው።

በ1949 ዓ.ም. የካቲት 1 ቀን ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ፤ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብትል ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር ወጣች። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በግብፅም 4 ለ0 ተሸነፈች።

ከዚህም በኋላ በ1954 ዓ.ም.፣ ዳግመኛ በዘመነ ማርቆስ፣ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሆነ፤ የቡድናችን አሠልጣኝ ይድነቃቸው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ2 ረቱ። ጥር 13 ቀን እሑድ፣ ቃና ዘገሊላ በዋለ ማግስት፣ ከግብፅ ጋር ተጋጠሙ። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች። ግርማ ተክሌ አንዱን፣ ሉቺያኖ ሌላውን መለሱ፤ ጭማሪ ሰዓትም ሆነ። የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ፤ ጨዋታውም 4 ለ2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእጃቸው ሰጡ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ ደግማ አላነሣችም።

ፊፋ ለአፍሪካ ከእስያ ጋር አንዲት ቦታ ብቻ በሰጠ ጊዜ፣ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተሟገቱ፤ አፍሪካም ከ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ራሷን አገለለች። ለሚቀጥለው ዋንጫም የራሷን ቦታ አገኘች። በ1964 ዓ.ም. ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ አሥራ አምስት ዓመትም መሩት። ያዝልኝ ያልኩት ነገር ይኸው፦ በልጅነታቸው ዘር ለይቶ የሚያጫውት ገዥ ያዩ ሰው፣ በሽምግልናቸው የደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ከስፖርት እንዲባረር ሳይታክቱ ተሟገቱ። በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አስወጣ።

በመካከሉም የአባታቸውን ታሪክና ቅኔ «ሰምና ወርቁ ተሰማ እሸቴ» በሚል መጽሐፍ አሰናዱ። በእንቁጣጣሽ የተወለዱት ይድነቃቸው በ1979 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ የቡሄ ዕለት ዐረፉ።

የመሐል ሜዳ ልጆች ሆይ፣ በእናንተም መካከል የተቀደደ ኳስ የሚሰፋ፣ መስመር በአመድ የሚያሰምር፣ የተጣላ ተጫዋች የሚያስታርቅ፣ ዋጋ ያልጠየቀ ሰው አይጠፋም። ስሙን፣ የተወለደበትን ቀንና ያጫወታቸውን ልጆች ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ፤ ለለቅሶው ቀን አታቆዩት፣ በሕይወት ሳለ አንብቡለት።