ሁለተኛው ምስክር፦ የሶፍትዌር ፍተሻ ትምህርት አመጣጥና የአገራችን ተሞክሮ

መግቢያ

የምሕንድስና ሞያ ከጥንት ጀምሮ የቆመበት አንድ መሠረታዊ ሐሳብ አለ። ይኸውም አንድን ነገር የሠራ ሰው ስለ ሥራው ትክክለኛነት ብቻውን ሊመሰክር አይችልም የሚለው ነው። ኮንክሪት ያቦካው ተቋራጭ ናሙናውን ለቤተ ሙከራ ይሰጣል፤ ናሙናውም በ28ኛው ቀን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። ከቤተ ሙከራው የሚመጣው ቁጥር የተቋራጩን ቃል የሚደግፍ ወይም የሚያፈርስ ሁለተኛ ምስክር ነው። ሕዝባችንም «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ሲል የሰው ልጅ ለገዛ ሥራው ያለውን አድልዎ በአጭር ቃል ገልጾታል።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በብራና መጻሕፍት ዘመን አንድ መጽሐፍ ሲገለበጥ ቅጂው ከምንጩ ጋር ይመሳከር ነበር። የተዘለለው ቃል በመስመሮች መካከል በደቃቅ ፊደል ይገባል፤ የተሳሳተው ይፋቃል። ዛሬም በየገዳማቱ በሚገኙ ብራናዎች ላይ የእነዚህ እርማቶች ምልክት ይታያል። «ማመሳከር» የሚለው ቃል ራሱ ምስክርን ከምስክር ጋር ማስተያየት ማለት ነው።

ከምሕንድስና ዘርፎች መካከል በዕድሜ ከታናናሾቹ አንዱ የሆነው የሶፍትዌር ምሕንድስና ይህን ሥርዓት የተማረው ዘግይቶና ብዙ ዋጋ ከፍሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትምህርቱ እንዴት እንደ ተወለደ በአጭሩ ማሳየት፣ በአገራችን በቅርብ ዓመታት የደረሱ ሦስት ጉዳዮችን በዚሁ መነጽር መመርመር፣ በመጨረሻም በዩኒቨርሲቲዎቻችን ትምህርቱ ሊያዝ የሚገባውን መንገድ ማመልከት ነው።

አስቀድሞ አራት ቃላትን መለየት ይጠቅማል። ፍተሻ ስንል ፕሮግራሙን እያስኬዱ ስሕተት መፈለግ ማለታችን ነው። ቬሪፊኬሽን ሥራው በተጻፈው ዝርዝር መሠረት መሠራቱን ማመሳከር ነው። ቫሊዴሽን ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ ለተጠቃሚው ጉዳይ ተገቢ መሆኑን ይጠይቃል። የጥራት ማረጋገጫ የምንለው እነዚህ ሁሉ በወቅታቸውና በተገቢው ሰው መፈጸማቸውን የሚቈጣጠር ሥርዓት ነው።

የትምህርቱ አመጣጥ

በመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ዓመታት ፕሮግራም መጻፍና ፕሮግራም መፈተሽ እንደ አንድ ሥራ ይቈጠሩ ነበር። የጻፈው ሰው እስኪሠራለት ድረስ ያርማል፤ ሲሠራለት ያስረክባል። እ.ኤ.አ. በ1968 በምዕራብ ጀርመን ጋርሚሽ ከተማ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ይህ አሠራር ለታላላቅ ሥርዓቶች እንደማይበቃ ተነጋገሩ። «የሶፍትዌር ምሕንድስና» የሚለውም ስም በሰፊው መታወቅ የጀመረው ከዚያ ጉባኤ ወዲህ ነው። በተከታዩ ዓመት በሮም በተደረገው ሁለተኛ ጉባኤ ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ ፍተሻ ስሕተት መኖሩን ሊያሳይ ቢችልም ስሕተት አለመኖሩን ከቶ ሊያረጋግጥ እንደማይችል አስገነዘበ።

የዚህን አነጋገር ክብደት ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። እያንዳንዳቸው ባለ 32 ቢት የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን የሚደምር ፕሮግራም አለ እንበል። ሊገቡ የሚችሉትን ጥንዶች ሁሉ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ያህል ብንሞክር ሥራውን ለመጨረስ ከ580 ዓመት በላይ ይፈጅብናል። ስለዚህ ፈታሹ ሁሉንም ሊሞክር አይችልም፤ መምረጥ አለበት። የፍተሻ ትምህርት እንደ ትምህርት የተወለደው ከዚህ የምርጫ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካዊው ግሌንፎርድ ማየርስ ያሳተመው የፍተሻ መጽሐፍ ግብአቶችን በየወገናቸው መክፈልንና የየወገኑን ድንበር መሞከርን ለተማሪ በሚመች መንገድ አቀረበ። የፈታሹ ተግባር ፕሮግራሙ እንደሚሠራ ማሳየት ሳይሆን ስሕተቱን ማግኘት ነው የሚለውን አመለካከት ያስፋፋውም ይኸው መጽሐፍ ነው። በ1983 ደግሞ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም የፍተሻ ሰነዶችን የሚወስን ደረጃ አወጣ።

ይሁን እንጂ የመማሪያ ክፍሎችን ከመጻሕፍት ይልቅ ያነቃው አደጋ ነበር። ቴራክ-25 የተባለው የካንሰር ሕክምና የጨረር መሣሪያ ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ለ6 ሕሙማን እጅግ የበዛ ጨረር ሰጥቶ ቢያንስ 3ቱ ሞተዋል። ከእርሱ በፊት የነበረው የቴራክ-20 መሣሪያ ፕሮግራሙ ቢሳሳት እንኳ ጨረሩን የሚያግድ የራሱ የኤሌክትሮ-መካኒክ መቈለፊያ ነበረው። በቴራክ-25 ላይ ግን ይህ መቈለፊያ ተነሥቶ ጥበቃው ለፕሮግራሙ ብቻ ተተወ። ሁለተኛው ምስክር ከፍርድ ቤቱ ወጣ ማለት ነው።

የአሪያን 5 ሮኬት ታሪክ ሌላ ትምህርት ይጨምራል። ሰኔ 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ሮኬቷ ከተነሣች ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ፈነዳች። ምክንያቱ ከአሪያን 4 ተወስዶ በአዲሲቱ ሮኬት የበረራ መስመር ሳይፈተሽ የቀረ ፕሮግራም ነበር፤ አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሲለወጥ ከመጠን አለፈ። መጠባበቂያ ኮምፒዩተር አልነበረም እንዳይባል ነበር። ነገር ግን የሚያስኬደው ያንኑ ፕሮግራም ስለ ነበረ በዚያው ስሕተት ከዋናው ጥቂት ቀደም ብሎ ወደቀ። ሁለተኛው ምስክር የመጀመሪያው ግልባጭ ከሆነ ምስክርነቱ ከንቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለቱ ታላላቅ የኮምፒዩተር ሞያ ማኅበራት ለሶፍትዌር ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ባወጡት የሥርዓተ ትምህርት መመሪያ ቬሪፊኬሽንና ቫሊዴሽን ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ ሆነ። ከ494 መሠረታዊ ሰዓቶች ውስጥ 42ቱ ለዚህ፣ ሌሎች 16 ደግሞ ለጥራት ተመደቡ። ባለ አንድ ምዕራፍ የነበረው ጉዳይ ከጠቅላላው ትምህርት ከመቶ 12 ያህሉን ያዘ።

በአገራችን የደረሱ ሦስት ጉዳዮች

የመጀመሪያው ጉዳይ እጅግ መራራ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ከ38 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን፣ ከ6 ደቂቃ በኋላ ከቢሾፍቱ ከተማ ባሻገር ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በፊት በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ስለ አደጋው የተጻፉ ምርመራዎች ብዙ ነገሮችን ያነሣሉ፤ ለርእሳችን ግን አንዱ ይበቃል። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ፕሮግራም የሚያዳምጠው ከሁለቱ የአቅጣጫ ማዕዘን መለኪያዎች አንዱን ብቻ ነበር። የኢትዮጵያ መርማሪዎች ከአደጋው አንድ ወር ሳይሞላ ባወጡት የመጀመሪያ ዘገባ እንደ ተገለጸው፣ የግራው መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ሁለተኛው ምስክር በቦታው ነበረ፤ የጠየቀው ግን አልነበረም። በኋላ ፕሮግራሙ ሲሻሻል የተጨመረው ዋና ነገር ሁለቱን መለኪያዎች ማመሳከር ነበር።

ከትምህርት አኳያ ይህ ጉዳይ ቬሪፊኬሽንን ከቫሊዴሽን ለመለየት ይረዳል። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ትእዛዙ ራሱ አንድ መለኪያ ሲበላሽ ምን ይደርሳል የሚለውን ጥያቄ በሚገባ አልመለሰም።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ ወደ መኖሪያ ሰፈራችን ይጠጋል። በቀራንዮና በሌሎችም የከተማችን ዳርቻዎች በኪራይ ቤት እየኖሩ ከ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የሚጠባበቁ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤቶች በኮምፒዩተር ዕጣ ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን አስተዳደሩ ዕጣውን ሰረዘ። ምክንያቱም ቆጥበው ለዕጣው ብቁ የሆኑት ወደ 79 ሺህ ሲሆኑ ወደ ማሽኑ የገባው የስም ዝርዝር ከ172 ሺህ በላይ ሆኖ መገኘቱ ነው። ዕጣው በድጋሚ የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ጉዳይ ማን ምን አደረገ የሚለው የሕግ ሰዎች ድርሻ ነው። የመሐንዲሱ ጥያቄ ሌላ ነው። የቀድሞ የመረጃ ክፍል ሠራተኞች በካርድ ዘመን እንኳ የሚያውቁት ደንብ አለ፤ ከመሥራትህ በፊት የተቀበልከውን መዝገብ ቈጥረህ ከላኪው ድምር ጋር አስተያይ ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የዕጣ ፕሮግራም ምንም ያህል በሚገባ ቢጻፍ የገባለት ዝርዝር ካልተመሳከረ ውጤቱ አይታመንም። ለብዙ ዓመታት ከጉርሱ ቀንሶ ለቆጠበ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ያጣው ዕጣውንም በአሠራሩ ላይ የነበረውንም እምነት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ዩኒቨርሲቲዎቻችንን በቀጥታ ነካ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰ ብልሽት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ስለ ተዳረሰ ከወሰዱት መካከል ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ገንዘቡ እንዲመለስ ማሳሰቢያ አወጡ። ባንኩ የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ፤ ጉዳዩም ከሥርዓቱ ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ተገለጸ። ትናንት በትክክል ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ ከተደረገ ለውጥ በኋላም እንደሚሠራ ደግሞ መፈተሽ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ለመምህር አይገኝም። በዚያ ሌሊት በመኝታ ክፍላቸው ሆነው ወሬውን የሰሙ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ነገ እንዲህ ያለውን ሥርዓት የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው።

ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲ

የእኔ ትውልድ በተማረበት ጊዜ በብዙ ክፍሎች ፍተሻ የመጨረሻው ምዕራፍ ነበር። የሴሚስተሩ ጊዜ ሲያጥር አስቀድሞ የሚቈረጠውም እርሱ ነው። ተማሪው የፍተሻ ዐይነቶችን ስም በቃሉ ይዞ ይወጣል፤ የሌላ ሰው ፕሮግራም ተሰጥቶት ስሕተት አግኝ ሳይባል ይመረቃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች ሁሉ የሚወስዱት የመውጫ ፈተናም በምርጫ ጥያቄ የሚቀርብ በመሆኑ ትርጓሜን ማወቅን ይለካል እንጂ የመጠራጠርን ልምድ ሊለካ አይችልም። ስለዚህ ልምዱ ራሱ በክፍሉ ውስጥ መገኘት አለበት።

ለዚህም ከውጭ የሚመጣ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ለቀራንዮ ነዋሪዎች የልደት መዝገብ የሚሆን ትንሽ ፕሮግራም ለተማሪዎች ይሰጥ እንበል። ወር ከ1 እስከ 13 ነውና ድንበሩን ለመሞከር 0፣ 1፣ 13 እና 14 ይገባሉ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 መቀበል፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ግን መመለስ አለበት። በአውሮጳ ካላንደር የተሠራ የተዘጋጀ ፕሮግራም የተጠቀመ ተማሪ ጥቅምት 30 የተወለደችውን ልጅ አልቀበልም የሚል ማሽን ይሠራል፤ ሁለተኛው ወር በዚያ ካላንደር ከ29 አያልፍምና። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደ ሕፃን የየትኛው ቀን ልጅ ነው? ይህን ፕሮግራመሩ ብቻውን ሊወስነው አይችልም፤ መዝጋቢውን ሄዶ መጠየቅ አለበት። ተማሪው ያን ጊዜ ቫሊዴሽን ምን እንደ ሆነ ያለ ትርጓሜ ይገባዋል።

የፊደላችንም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ብለው ሦስት መዝጋቢዎች የጻፉት ስም ሲፈለግ ይገኛልን? በላቲን ፊደል 160 ሆሄ የሚይዘው አጭር የስልክ መልእክት በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ስለሚይዝ ማስታወቂያው ተቈርጦ ይደርሳልን? እነዚህን ጥያቄዎች የውጭ አገር የመማሪያ መጽሐፍ አያነሣልንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሥራ ክፍፍሉ ነው። አንዱ ቡድን የጻፈውን ሌላው ቡድን ይፈትሽ፤ ላገኘው ስሕተት ነጥብ ይሰጠው፤ የተገኘው ስሕተትም በጽሑፍ ይመዝገብ። መጀመሪያ ላይ ተማሪዎች ጓደኛን ማጋለጥ ይመስላቸዋል። የሥራውን እንጂ የሠሪውን ነውር እንደማይፈልጉ ሲረዱ ግን ሐፍረቱ ይቀራል። ፈታሹም ከሠሪው የተለየ ሰው ብቻ ሳይሆን የተለየ አስተሳሰብ ያለው እንዲሆን ያስፈልጋል፤ የአሪያን 5 መጠባበቂያ ኮምፒዩተር ያስተማረን ይህንኑ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ በተነሡት ጉዳዮች ሁሉ የሚታየው ጉድለት አንድ ነው። ሁለተኛው ምስክር ወይ ተወግዷል፣ ወይ የመጀመሪያው ግልባጭ ሆኗል፣ ወይም በቦታው እያለ ሳይጠየቅ ቀርቷል። ጉዳዩ ከሒሳብ ጥልቀት ይልቅ የሞያ ሥነ ምግባር ነው፤ ሥነ ምግባር ደግሞ የሚለመደው በወጣትነት ነው።

የማኅበራችን አባላት በዚህ ረገድ የምናበረክተው ድርሻ አለን። በየመሥሪያ ቤታችን ያጋጠሙንን ብልሽቶች የድርጅትና የሰው ስም ሳንጠቅስ ለመምህራን ብናካፍል፣ ተማሪዎችን ለልምምድ ስንቀበልም ከጻፊዎች ጋር ብቻ ሳይሆን ከፈታሾች ጎን ብናስቀምጣቸው፣ የፍተሻ ሠራተኛን ከፕሮግራመር የማያንስ ማዕርግና ደመወዝ ብንሰጠው ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወደ ሥራ ይሻገራል። በአየር የሚጓዘው መንገደኛ፣ ዕጣውን የሚጠብቀው ቆጣቢ፣ ገንዘቡን ለባንክ ያስረከበው ነጋዴ የፕሮግራሙን ጽሑፍ አይተው ሊመረምሩ አይችሉም። በእነርሱ ፈንታ ቆሞ የሚጠይቅላቸው ፈታሹ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው አሠልጥኖ ማውጣትም የዩኒቨርሲቲዎቻችንና የሁላችንም ግዴታ ነው።