ለልጆች የተሟገቱ ረቢዎች

በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ከረሃብና ከዕዳ የተነሣ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹን ለባርነት እየሰጠ ጮኸ። ነህምያም ተቈጣ፤ ግን በቁጣ ብቻ አልቀረም። ባለጠጎቹን በጉባኤ ፊት ወቀሰ፤ የወሰዱትንም እንዲመልሱ አስማላቸው (ነህምያ 5)።

ወገኖች፣ ይህን የመሰለ ጩኸት ከብዙ ዘመናት በኋላ በአሜሪካ ተሰማ። በ1900 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል 1.75 ሚሊዮን ያህሉ ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ በእርሻ፣ ሌሎቹም በጥጥ ፋብሪካና በከሰል ማዕድን ይደክሙ ነበር። ባለ ፋብሪካዎቹ “ድኻ ቤተሰብ ደመወዙ ያስፈልገዋል” ይሉ ነበር።

በዚያው ዓመት ስቲቨን ዋይዝ የተባለ ወጣት ረቢ በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ምኩራብ ማገልገል ጀመረ። እርሱም ጉዳዩን ከምኩራብ አውጥቶ ወደ ሕግ አውጪዎች አደረሰው። በ1903 ግዛቱ የሕፃናትን ጉልበት ሥራ የሚገድብ ሕግ ሲያወጣ፣ ዋይዝ ጉዳዩን በሚከታተለው ኮሚሽን ውስጥ አገለገለ። በ1904 ብሔራዊ የሕፃናት ጉልበት ኮሚቴ በኒው ዮርክ ተቋቋመ። ካነሣሡት አንዱ ኤድጋር ጋርድነር መርፊ የተባለ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሲሆን፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ የረቢ ልጅ የሆነው ፊሊክስ አድለር ነበር።

በ1918 የተሐድሶ አይሁድ ረቢዎች ማኅበር የልጆች ጉልበት ሥራ ይቅር ብሎ በይፋ ዐወጀ። ነገር ግን በዚያው ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1916 የወጣውን የፌዴራል ሕግ ሻረው። ከ16 ዓመት በታች ያሉትን በፋብሪካ ማሠራት የሚከለክል ጸንቶ የቆየ አገር አቀፍ ሕግ የወጣው በ1938 ነው። ኮሚቴው ከተቋቋመ 34 ዓመት ሆኖት ነበር! ትግሉ ሲጀመር ሕፃን የነበረው በዚያን ጊዜ ራሱ የልጆች አባት ሆኗል።

እነዚህ ረቢዎች ኢየሱስን መሲሕ ብለው አልተቀበሉም። የድኻውን ሠራተኛ ደመወዝ ሳታሳድር ክፈል የሚለውን የሙሴን ሕግ (ዘዳግም 24) ግን እኛም እናነባለን። ሕፃናትን ያቀፈውን ጌታም እንሰብካለን። ታዲያ በቤታችን የምታበስለው፣ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የምታደርሰው ታዳጊ፣ እርሷስ ትማራለችን? ስለ እርሷ የጸለይን ሁሉ፣ ዛሬ ደብተር እንግዛላት፤ የምትማርበትንም ሰዓት እንስጣት።

ጌታ ይርዳን።