የአንቀጽ ነገር

አምስት ሆነን ማታ ማታ ፈረንሳይኛ እንማር ነበር። ጋዜጠኝነት ተመርቀን ሥራ እስኪገኝ ቁጭ ከምንል ብለን የጀመርነው ነው። ሰላምታው፣ ቁጥሩ፣ ገበያ ወጥቶ ቲማቲም መግዛቱ እየሳቅን አለፈ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አንድ ዝናባማ ማታ ግን መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ሱብዦንክቲፍ ፓሴ» ብለው ጻፉና ሳቁ አበቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳዮች ግስን በጊዜ ብቻ አይለዩትም፤ በተናጋሪው ልብም ይለዩታል። የተረጋገጠ ነገር የሚነገርበት የግስ መልክ አለ፤ አንዲካቲፍ ይሉታል። ምኞት፣ ፍርሃት፣ ጥርጣሬ፣ ግዴታ፣ ደስታ ሲገባበት ግን ግሱ ልብሱን ይለውጣል፤ ይኸኛው ሱብዦንክቲፍ ነው። የምንፈራው ወይም ደስ ያለን ነገር ቀድሞ የተፈጸመ ሲሆን ደግሞ ሱብዦንክቲፍ ፓሴ ይመጣል።

መምህሩ «ዤ ፐር» (እፈራለሁ) በሚለው ጀምራችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አሉን። አንዱ «ዝናቡ አውቶቡሱን አስቀርቶት እንዳይሆን»፣ ሌላው «ቁልፌ ጠፍቶ እንዳይሆን» አለ። ከመካከላችን አንዷ ተራዋ ሲደርስ ቀና ሳትል «ዤ ፐር ኪል ስዋ ሞር» አለች። ሞተው እንዳይሆን እፈራለሁ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩ «ትክክል ነው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሉ ግን ጠፋቸው።

ይቺ ጓደኛችን የደቡብ ወሎ ልጅ ናት፤ መካነ ሰላም አካባቢ። አያቷ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። በዚያ ነሐሴ በአማራ ክልል ውጊያው ተባብሶ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። እሷ ዘንድ ደግሞ የድምፅ ስልኩም እምቢ ካለ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። እኛ ለሰዋስው መልመጃ የሠራነውን ዓረፍተ ነገር እሷ ለአሥራ አንድ ሌሊት ስትለው ከርማለች ማለት ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልኩ ጠራ። የኔታ አነሱ።

«ደኅና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ተማሪዎቹ ግን ተበተኑብኝ፤ ሁለት ቀሩ። አንቺስ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ፈረንሳይኛ እየተማርኩ ነው አባባ። ግሱ አስቸገረን። የሚመኙትንና የሚፈሩትን ሲናገሩ ግሱ ይለወጥባቸዋል።»

«ታዲያ ምኑ አስቸገራችሁ? ዘንድ አንቀጽ ነዋ!»

እዚያው በስልክ አወረዱላት፦ «ቀተለ፣ ገደለ። ይቀትል፣ ይገድላል። ይቅትል፣ ይገድል ዘንድ። ይቅትል፣ ይግደል።» ግሱ ለዚያ ሰሞን የሚመረጥ አልነበረም። ግን የኔታ አልመረጡትም፤ ከስምንቱ የግስ አርእስት የመጀመሪያው እሱ ነው። የግእዝ ተማሪ ግስ ሲያወርድ አንደበቱን የሚፈታው በዚሁ ነው።

እስቲ እንየው። «ይቀትል» ይሆናል ብሎ ይናገራል። «ይቅትል» አይናገርም፤ ይመኛል፣ ያስባል፣ ያዛል። ፈረንሳዮች በአንዲካቲፍና በሱብዦንክቲፍ መካከል ያሰመሩትን መስመር የቅኔ ቤት ልጆች በቆሎ ተማሪነታቸው ያውቁታል ማለት ነው። እኛ ዩኒቨርሲቲ የበጠስን ሰዎች ግን ሰዋስውን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ይህን የግስ መልክ ከሞላ ጎደል ጥሎታል። የጠፋብንን ነገር በሌለበት ቤት ስንፈልግ ነበር።

ጓደኛችን በማግስቱ ክፍል መጥታ ነገሩን ወደ አማርኛ አመጣችው። የሱብዦንክቲፍ ፓሴ አሠራር ሁለት ቃል ነው፤ ከፊት ረዳት ግስ በሱብዦንክቲፍ፣ ከኋላ ዋናው ግስ በኃላፊ ቅጽሉ። ለብዙው ግስ ረዳቱ «አቭዋር» ነው፦ ክ ዤ ፓርሌ፣ ክ ቱ ኤ ፓርሌ፣ ኪል ኤ ፓርሌ፣ ክ ኑ ዜዮን ፓርሌ፣ ክ ቩ ዜዬ ፓርሌ፣ ኪል ዜ ፓርሌ። መምጣት፣ መሄድ፣ መውጣት፣ መውለድ ሳይሆን መወለድ፣ እንዲሁም መሞት ለመሳሰሉት ጥቂት ግሶች፣ ድርጊቱም በራስ ላይ ለሚመለስባቸው፣ ረዳቱ «ኤትር» (መሆን) ነው፦ ክ ዥ ስዋ ቨኑ፣ ክ ቱ ስዋ ቨኑ፣ ኪል ስዋ ቨኑ፣ ክ ኑ ስዋዮን ቨኑ፣ ክ ቩ ስዋዬ ቨኑ፣ ኪል ስዋ ቨኑ።

«ስዋ» ማለት «ይሁን» ማለት ነው። ፈረንሳይ «ይሁን እሺ» ሊል ሲፈልግ «ስዋት» የሚለው ይኸንኑ ቃል ነው። እንግዲህ «ስዋ ቨኑ»ን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሱት፦ «መጥቶ ይሁን»። እናቶቻችን በር በሩን እያዩ «መጥቶ ይሆን? ደርሶ ይሆን? አንድ ነገር አግኝቶት እንዳይሆን» የሚሉት ነገር ነው። ሱብዦንክቲፍ ፓሴ እቤታችን ነበር።

አጠቃቀሙም ከዚያ በኋላ ቀለለን። «በመምጣትህ ደስ ይለኛል» ስንልና ሰውየው ገና የሚመጣ ከሆነ ተራው ሱብዦንክቲፍ ይበቃል፤ መጥቶ ፊታችን ከተቀመጠ ፓሴው ነው። «መጥቷል ብዬ አስባለሁ» አንዲካቲፍ ነው፤ «የመጣ አይመስለኝም» ግን ጥርጣሬ ስለሆነ ሱብዦንክቲፍ ይሆናል። አንድ ወጥመድ አለች፤ ተስፋ ማድረግ፣ ምኞት ቢመስልም፣ ፈረንሳዮች ዘንድ አንዲካቲፍ ነው። ተስፋን እንደ እርግጥ ነገር ይቆጥሩታል፤ ታድለዋል።

የኔታ ስልኩን ሳይዘጉ ግን አንድ ነገር ጨምረው ነበር። «አንቀጽ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ውጫሌን ጠይቂ።»

አንቀጽ በቅኔ ቤት ግስ ነው፤ በሕግ ቤት ደግሞ የውል ክፍል። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ወሎ ውስጥ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ በውጫሌ የተፈራረሙት ውል 20 አንቀጾች ነበሩት። 17ኛው በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣሊያንኛው ግን «ኮንሴንቴ» ነው፤ ተስማምተዋል። አንዱ ቢፈልጉ ይላል፣ ሌላው ያለቀ ነገር ይናገራል። ሮም በዚች ቃል ላይ ቆማ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ነገሩ በቀጥታ የሱብዦንክቲፍ አይደለም፤ ጠቡ ግን ያው ነው፣ ሊሆን በሚችለውና በሆነው መካከል። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ሰረዙ። በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲነገር ከመሰብሰቢያዎቹ አንዱ ወረ ኢሉ ነበረች። የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከዐድዋ በኋላ የመጣውን ግን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመውና ውጫሌን ለዘላለሙ የሻረው የሰላም ውል የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። ኢጣሊያንኛ በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ አላገኘም። የተቃጠለ ሰው ግስ ይመርጣል።

ከዚያ ወዲያ ፈረንሳይኛ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰው ባቡር ጋር ደግሞ «ላ ጋር» መጥቶ «ለገሃር» ሆኖ ቀረ። ከነጻነት በኋላ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤቱን ወንበር ወሰደበት። ከዚያ በፊት በሰኔ 1928 ዓ.ም. ግን አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ቆመው ነበር። ፈረንሳይኛን አሳምረው እያወቁ የተናገሩት በአማርኛ ነው። የሰውን ግስ ማወቅና የራስን መጣል አንድ አይደሉም።

እኛ ይኸ አልገባንም ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ ሲያልፍ ስናይ ያለፈ ዘመን ያለፈ መስሎን ነበር። አሁን የሚያስፈራን ሌላ ነው። ሁለት ተማሪ የቀረበት ጉባኤ ቤት ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋው የሰዋስው ትምህርት ቤትም ነው፤ ያውም ውጫሌን ለማንበብ የሚያስፈልገው ዓይነት።

በሚቀጥለው ሳምንት መምህራችን የደስታ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አሉ። ጓደኛችን ቀድማ እጇን አወጣች፦ «ዥ ስዊ ኮንታንት ኪል ኤ ሬፖንዱ»። ስልኩን በማንሳታቸው ደስ ብሎኛል።

መምህሩ እንደገና «ትክክል ነው» አሉ። በዚህኛው ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

የኔታ በቅርቡ ሲደወልላቸው ከተበተኑት ተማሪዎች ሦስቱ ተመልሰዋል ብለዋል። የቀሩትስ? ደኅና ደርሰው ይሆን? እንዲህ ያለው ጥያቄ በፈረንሳይኛ በምን ግስ እንደሚመለስ አሁን እናውቃለን፤ መልሱን ግን ግስ አይሰጠንም።